የድሮ ሳንቲም፦ ከፋብሪካ የወጣ ስህተት ነው ወይስ በኋላ የደረሰበት ጉዳት?

የፍራንኮ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ከአዳማ ነኝ። ከአያቴ የቀረ የሳንቲም ጣሳ እጄ ገብቷል። አብዛኛው ያው የምናውቀው ነው፤ የጃንሆይ 1936 መዳብ፣ የደርግ 1969፣ ጥቂት ሽልንግ፣ ሁለት ጠገራ ብር (የማሪያ ቴሬዛ)። ከመካከላቸው ግን ግራ የሚያጋቡኝ አሉ። የድሮ ሳንቲም እገዛለሁ የሚል አንድ ደላላ አይቷቸው «እነዚህ ኤረር ናቸው፣ ከፋብሪካ ተበላሽተው የወጡ፣ ውድ ናቸው» አለኝ። የማውቀው ብር ሠሪ ደግሞ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «ተራ ጉዳት ነው፣ አትድከም» አለኝ። ማንን ልመን?

አንደኛው ባለ አምስት ሳንቲም ነው። ጎኑ ተገምጧል፣ ቅስት የሆነ ጉድለት አለው። ሁለተኛው ባለ አሥር። የንጉሡ ፊት ባለበት በኩል ሌላ ፊደል ተገልብጦ ገብቶበታል፣ በመስታወት እንደሚታይ ጽሑፍ። ሦስተኛው ክብ ስሙኒ ነው፣ ጥርስ የሌለው፤ መዳብ መሆን ሲገባው ነጭ ነው። ደላላው በጣም የጓጓው ለዚህኛው ነው፤ «መዳብ ላይ መታተም ሲገባው በስህተት ብር ላይ የታተመ» ይላል። አራተኛው አንድ ሳንቲም፣ ስስ ሆኖ እንቁላል መስሏል። አምስተኛው የ1969 ባለ ሃያ አምስት፣ የፊደሉ ግማሽ የለም። ሁሉም በጣም ያረጁ ናቸው። አዲስ ሳንቲም ቢሆን ኖሮ ይቀል ነበር፤ እንዲህ የተላጠ ሲሆን በምን ይለያል?

ሞርሳ ቤት

እኔ ሰብሳቢ አይደለሁም፤ ሥራዬ ብረት ነው፣ ቶርኖና ፕሬስ ላይ ነው የምውለው። ይህን ነገር በሠሪው ዓይን ካላየኸው ግን አይለይልህም።

ሳንቲም ሲሠራ ብረቱ መጀመሪያ ተዳምጦ ረጅም ላሜራ ይሆናል። መቁረጫው ላሜራውን እየበሳ ክብ ክቡን ያወጣል። ክቡ በሙቀት ይለሰልሳል። ከዚያ በጠባብ መንገድ ተንከባሎ ሲያልፍ ዳሩ ይገፋና ከንፈር ያወጣል። በመጨረሻ ቀለበት ውስጥ ገብቶ ከላይና ከታች ባሉ ሁለት የተቀረጹ ብረቶች መሃል በኃይል ይመታል። ዳይ እንላቸዋለን እኛ። ቀለበቱ ብረቱ ወደ ጎን እንዳይፈስ ይይዘዋል።

የፋብሪካ ስህተት ከእነዚህ ደረጃዎች በአንዱ ላይ የተፈጠረ ነገር ነው፤ ከዚህ ውጭ አይሆንም። ስለዚህ ስትጠራጠር «ይህ በየትኛው ደረጃ ላይ ሊፈጠር ይችላል?» ብለህ ጠይቅ። መልስ ካጣህለት ብዙውን ጊዜ በኋላ የመጣ ነው፦ መዶሻ፣ ሞርሳ፣ ሞረድ፣ ድሪል፣ አሲድ፣ እሳት።

ሌላው፣ ብረት ዝም ብሎ አይጠፋም። ከተቀጠቀጠ ክብደቱ እንዳለ ሆኖ ቅርጹ ይቀየራል፣ አንዱ ጋ የሳሳው ሌላው ጋ ይወፍራል። ከተሞረደ ወይም አሲድ ከበላው ክብደቱ ይወርዳል። ስለዚህ ሚዛን ያስፈልግሃል፤ የወርቅ ቤት ሚዛን በቂ ነው።

ስለ ማርጀት ደግሞ፦ ሳንቲም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር መጀመሪያ የሚበላው ከፍ ያለው ነው። የንጉሡ ጉንጭ፣ ጸጉሩ፣ የአንበሳው ትከሻ፣ የሳንቲሙ ከንፈር። ጎድጎድ ያለውና ፊደሉ ከከንፈሩ ሥር የተጠለለበት ጥግ መጨረሻ ነው የሚሄደው። ይህን ተራ የሚጥስ ነገር ስታይ ቁም። ጸጉሩ አሁንም መስመር መስመሩ እየታየ ጥግ ላይ ያለው ፊደል ከጠፋ፣ ያ ማርጀት ብቻውን ያመጣው አይደለም።

ስሙኒ ሰብሳቢ

ሞርሳ ቤት በደንብ አስቀምጦታል። እኔ ወደ ባለ አምስቱ ልግባ፤ ከሁሉም ተስፋ ያለው እሱ ይመስለኛል።

ላሜራው በትክክል ሳይገፋ ከቀረ መቁረጫው ቀድሞ በተበሳው ቀዳዳ ላይ ተደርቦ ያርፋል። ያኔ አንድ ጎኑ የተገመጠ ክብ ይወጣል። ያ ክብ ጎዶሎ እንደሆነ ሄዶ ይታተማል። ይህ በዓለም ላይ በጣም ከተለመዱት የፋብሪካ ስህተቶች አንዱ ነው። ሰው በመቀስ ወይም በክብ ሞረድ ሊያስመስለው መሞከሩም ያንኑ ያህል የተለመደ ነው።

እንዲህ አድርግ። ሌላ ባለ አምስት ሳንቲም አምጣና ጉድለቱ ላይ አስጠጋው። ጉድለቱን የፈጠረው ክብ መቁረጫ ራሱ ስለሆነ ቅስቱ ከሳንቲሙ ክብ ጋር ተቀራራቢ መሆን አለበት። በጣም ጠባብ ወይም የተንጋደደ ከሆነ ተጠራጠር።

ቀጥሎ ከጉድለቱ ትይዩ ያለውን ከንፈር እይ። ልክ ፊት ለፊቱን። ክቡ ከንፈር ለማውጣት ሲንከባለል ከሁለት ጎን ይጨመቃል። በአንድ በኩል ጉድለት ካለ በሌላው በኩል የሚገፋው አያገኝም፣ ስለዚህ ትይዩው ላይ ከንፈሩ ሳይነሳ ይቀራል። ሞረድ ይዞ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ይህን መሥራት አይችልም። ምልክቱ ሁልጊዜ ላይኖር ይችላል፤ ሲኖር ግን ትልቅ ማስረጃ ነው።

መጨረሻ ላይ ከጉድለቱ አጠገብ ያሉትን ፊደሎች በአጉሊ መነጽር ተመልከት። በፋብሪካ የተገመጠ ከሆነ ሲመታ ብረቱ ወደ ባዶው ስለሚፈስ ፊደሉ ይሳሳል፣ ይለጠጣል። በኋላ የተቆረጠ ከሆነ ፊደሉ ሙሉ ሆኖ መጥቶ ድንገት ይቆረጣል።

የፍራንኮ ልጅ

አመሰግናለሁ። አሁኑኑ አየሁት። ሌላ ባለ አምስት አስጠጋሁበት፣ ገጠመ። ትይዩው ጋ ከንፈሩ ጠፍጣፋ ነው፣ በጣት ሲዳሰስ ራሱ ይታወቃል፤ ከዚያ ግራና ቀኝ እየተነሳ ይሄዳል። ከጉድለቱ ጎን ያለችው ፊደል እግሯ ወደ ጉድለቱ ተጎትቶ ሰፍቷል፣ ጫፉ እየሳሳ ነው የሚጠፋው፤ የተቆረጠበት መስመር የለም። የጉድለቱ ግድግዳም ከቀረው ጎን ጋር አንድ ዓይነት ቡናማ ነው። የሞረድ ጭረት አላየሁም።

ሐይቅ ዳር

ከሀዋሳ ነኝ። ላስቸግራችሁ እንጂ፣ ይህ ሳንቲም እኮ ያረጀ ነው። ከንፈሩ የሳሳው በማርጀት ቢሆንስ? ቡናማ መሆኑም ምንም አያሳይም። ሰውዬው ከሃምሳ ዓመት በፊት በሞረድ ገምጦት ከዚያ ወዲህ እየዞረ ቢሆን ጉዳቱም አብሮ ያረጃል፣ ይለሰልሳል፣ ቀለሙም ይመሳሰላል። «ከቀረው ጋር እኩል አርጅቷል፣ ስለዚህ ከፋብሪካ ነው» የሚለውን ነገር ብዙ ቦታ እሰማዋለሁ፤ አልቀበለውም።

ስሙኒ ሰብሳቢ

ሐይቅ ዳር፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልሂድበት።

ማርጀት የሚያረጋግጥልህ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ሳንቲሙ ተልጦ ሳለ ጉዳቱ ስለታም፣ የሚያብለጨልጭ፣ ንጹሕ ከሆነ በእርግጠኝነት በኋላ የመጣ ነው። ፊቱ ሁሉ ጠፍቶ አንድ ጭረት ብቻ ትናንት የተሠራ ከመሰለ ሌላ ማስረጃ አትፈልግ። የተገላቢጦሹ ግን አይሠራም። ጉዳቱ ከቀረው ጋር ስላረጀ ብቻ ከፋብሪካ ነው ማለት አይቻልም፤ ማርጀቱ የሚነግርህ ጉዳቱ ያረጀ መሆኑን እንጂ ከየት እንደመጣ አይደለም።

ከየት እንደመጣ የሚነግርህ ብረቱ የሄደበት መንገድ ነው። ስለዚህ ነው ስለ ፊደሏ እግር የጠየቅኩት። ፊደል ወደ ባዶ ቦታ ተለጥጦ የሚሳሳው በአንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ሲመታ። ከዚያ በኋላ ሃምሳ ዓመት ቢዞር፣ ቢለሰልስ፣ ቢላጥ፣ የተለጠጠው ፊደል ወፍራምና ቀጥ ያለ አይሆንም። የተቆረጠውም ተለጣጭ አይሆንም። ማርጀት ከላይ ይልጣል እንጂ ቅርጹን አዙሮ አይሠራም።

ከንፈሩን በተመለከተ፣ እጅ ሲልጠው ዙሪያውን ይልጠዋል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ያውም በትክክል በጉድለቱ ትይዩ፣ ያውም በሁለቱም ፊት፣ አይልጥም። የፍራንኮ ልጅ፣ ገልብጠህ በአንበሳው በኩልም ያው ቦታ የሳሳ መሆኑን እይልን።

የፍራንኮ ልጅ

በሁለቱም በኩል ነው። ያው ቦታ።

ሐይቅ ዳር

እንደዚያ ከሆነ ተቀብያለሁ። ክብደቱም ከሌሎቹ ባለ አምስቶች ትንሽ ማነስ አለበት። ለንጽጽር እኩል ያረጁትን መዝንበት፤ አዲስ ከሆነ ጋር ካመዛዘንከው በማርጀት የሄደውም ይደመርብሃል።

ሞርሳ ቤት

ባለ አሥሩ ላይ የተገለበጠ ፊደል ያልከው፣ ይቅርታ ግን በሞርሳ የተሠራ ነው፤ የኔ ዕቃ ሥራ ስለሆነ ነው ሳላየው የምናገረው። ሁለት ሳንቲም ፊት ለፊት አጣብቀህ ሞርሳ ውስጥ ብታጠብቃቸው ወይም በመዶሻ ብትመታቸው፣ የአንዱ ከፍ ያለ ፊደል በሌላው ላይ ተገልብጦ ይገባል። ልጆች እንዲህ ሲጫወቱ ያላየ የለም።

እውነተኛውም አለ። የተመታው ሳንቲም ሳይወርድ በአንዱ ዳይ ላይ ተጣብቆ ይቀርና የሚቀጥለውን ራሱ ይመታዋል። ያኔ ግን የሚሆነውን አስብ። የተጣበቀው ሳንቲም ዳዩን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል። ስለዚህ በዚያ በኩል ይገባ የነበረው ምስል ጨርሶ አይኖርም። በምትኩ የተጣበቀው ሳንቲም ፊት ገብቶና ተገልብጦ ይታተማል። በሌላው በኩል ደግሞ ያው ምስል ወጣ ብሎ በትክክል ይታተማል። ስለዚህ እውነተኛው በሁለቱም ፊት አንድ ዓይነት ምስል ነው የሚኖረው፤ በአንዱ ወጣ ብሎ፣ በሌላው ተገልብጦና ገብቶ።

አንተ ጋ ንጉሡ አሁንም እዚያው ናቸው፣ ፊደሉ የገባው ከላያቸው ነው። ይህ በፋብሪካ ሊሆን አይችልም። ጀርባውን እየው፤ የአንበሳው ምስል የሞርሳ ጥርስ ወይም መዶሻ ያደቀቀው ቦታ ይኖረዋል።

የፍራንኮ ልጅ

አዎ፣ አንበሳው ወገቡ ጋ ተደፍጥጧል። እኔ ማርጀት መስሎኝ ነበር እንጂ ዙሪያው ደህና ነው። ይኼ ተዘጋ። ነጩ ስሙኒስ? ደላላው ዛሬም ደውሎ ነበር።

ጠገራ

ልጄ፣ ስለ ስሙኒው እኔ ልንገርህ።

ባለ 25 ሳንቲሙ በ1936 ሲወጣ ክብ መዳብ ነበር። ሽልንጉ ደግሞ ብር ነው፣ 7 ግራም ከምናምን፣ የመጀመሪያዎቹ ከሺህ 800 እጅ ብር። ችግሩ ሁለቱ በስፋት እጅግ ተቀራራቢ ነበሩ። ታዲያ አንዳንድ ሰው ስሙኒውን ነጭ እየለበጠ በሽልንግ ዋጋ ማስተላለፍ ጀመረ፤ በእጥፍ ማለት ነው። መንግሥት ክቡን ሰብስቦ ጥርስ ያለውን ስሙኒ አወጣ፣ ሰው በዳበሳም እንዲለየው። ጥርሱ ሻካራ የሆነም ጥንቅቅ ያለም ታገኛለህ፤ ያም የፋብሪካ ስህተት አይደለም። ዓመቱ ግን 1936 እንደሆነ ቀጠለ፤ በነገራችን ላይ የጃንሆይ ሳንቲም ለብዙ ዓመት ይህንኑ ዓመት እንደያዘ ነው የታተመው።

ስለዚህ ያንተው ክብ ነጭ ስሙኒ ምን እንደሆነ መገመት አይከብድም። ግን ግምት አይበቃም፣ አረጋግጥ። እዚህ ላይ ማርጀቱ ራሱ ይረዳሃል። አጉሊ መነጽር ያዝና የንጉሡን ጉንጭ፣ የአንበሳውን ትከሻ፣ የከንፈሩን ጫፍ ተመልከት። ሙሉ በሙሉ ብር ከሆነ የቱንም ያህል ቢላጥ ከሥሩ የሚወጣው ያው ብር ነው። የተለበጠ ከሆነ ከፍ ያለው ላይ መዳቡ ቀልቶ ይወጣል፣ ነጩ በጎድጓዳውና በፊደሎቹ መሃል ተደብቆ ይቀራል።

ካልረካህ ብር ሠሪው ጋ ሂድና በውኃ ውስጥ አስመዝነው። ንጹሕ ብር በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ 10.5 ግራም ነው፣ መዳብ 8.9 ገደማ። ልዩነቱ ትልቅ ስለሆነ አያሳስትም። በአየር የመዘነውን፣ ውኃ ውስጥ ሲገባ ለቀነሰው ታካፍለዋለህ፤ በቃ።

የፍራንኮ ልጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉት ነው። ጉንጩና የጆሮው ጫፍ ቀይ ነው። የአንበሳው ትከሻም። ነጩ በፊደሎቹ መሃል ወፍሮ ተቀምጧል፣ አንድ ቦታ እንደ ቅርፊት ተነስቷል። በዓይኔ ሳየው ቆሻሻ መስሎኝ ነበር። ነገ ብር ሠሪው ጋ እወስደዋለሁ። እና ታዲያ ዋጋ የለውም ማለት ነው?

ጠገራ

እንደሱ አላልኩም። ክቡ ራሱ አብዛኛው ስለተሰበሰበ ዛሬ እንደ ጥርሳሙ በብዛት አይገኝም። ያንተው ደግሞ ሳንቲሙ የተቀየረበትን ምክንያት ላዩ ላይ ይዟል። ለእኔ ይህ ከስንት ስህተት ይበልጥብኛል። ግን «በብር ላይ የታተመ» ተብሎ ከተሸጠ ውሸት ነው። የሚገዛህም የምትሸጥለትም ምን እንደሆነ ማወቅ አለበት። አደራህን፣ ነጩን ለመፋቅ ወይም ለማሳመር እንዳትሞክር።

የናዝሬት ልጅ

ስለዚያች ስስ አንድ ሳንቲም እኔ አለሁ። እዚሁ አዳማ ነው ያደግኩት፣ ናዝሬት እያልን። የጅቡቲው ባቡር በከተማችን ያልፍ ነበር። ሲመጣ ሐዲዱ ላይ ሳንቲም እንደረድር ነበር፤ ካለፈ በኋላ እንደ ምላጭ ስስ ሆኖ፣ ገና እየሞቀ እናነሳዋለን። አንዳንዱ ሁለት ቀዳዳ ተበስቶ ክር ይገባበትና ይሽከረከራል። ወላጆቻችን በገንዘብ ትጫወታላችሁ ብለው ይገርፉን ነበር። የአዳማ ጣሳ ውስጥ እንቁላል የመሰለ ሳንቲም ከተገኘ መጀመሪያ ሐዲዱን ነው የማስበው።

ስሙኒ ሰብሳቢ

ይህ በጣም ጠቃሚ ነው። ለንጽጽር ያህል ልጨምር። በፋብሪካም የሰፋ ሳንቲም አለ፤ ቀለበቱ ሳይነሳ ወይም ክቡ ቀለበቱ ውስጥ በደንብ ሳይገባ ሲመታ ብረቱ ወደ ጎን ይፈሳል። ግን ያ ሳንቲም መሃሉ ላይ ምስሉ ጥርት ያለ ነው፣ የሚሰፋውም ወደ ዳር ዳሩ ነው። ባቡር የረገጠው መንኮራኩሩ በሄደበት አቅጣጫ ይረዝማል፣ ምስሉም አብሮ ይለጠጣል፤ የንጉሡ ፊት ራሱ ረጅም ይሆናል። በመዶሻ የተቀጠቀጠው ደግሞ ምስሉ አንድ ላይ ይደፈጠጣል፣ ጎኑም ይሰነጣጠቃል።

የተገላቢጦሽም አለ። ጎን ጎኑን እየተንከባለለ የተቀጠቀጠ ሳንቲም ዙሪያው ይወፍራል፣ ስፋቱ ይጠባል፣ ፊደሎቹ በተነሳው ከንፈር ይዋጣሉ። አንዳንዱ ቀለበት ሊሠራበት ጀምሮ የተወው ነው። ይህም «ትንሽ ሆኖ የታተመ» እየተባለ ሲሸጥ አይቻለሁ።

ለምለም

ወደ 1969ኙ ልመለስ፤ ማንም አልነካውም። በሁለት መንገድ ሊሆን ይችላል።

ዳዩ ላይ ያለው ፊደል ጎድጓዳ ነው አይደል? እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ቅባትና የብረት ብናኝ ከተጠቀጠቀ ብረቱ ሲመታ መግባት አይችልም፤ ፊደሉ ደብዛዛ ሆኖ ወይም ጨርሶ ሳይኖር ይወጣል። ይህ ከፋብሪካ ነው፣ ግን በጣም ተራ ነው፤ ዋጋ አይጨምርም ብለሽ ያዢው። ይቅርታ፣ ወንድ ነህ መሰለኝ፣ ያዘው። ሁለተኛው መንገድ ፊደሉ መፋቁ ነው።

መለያው የቦታው ከፍታ ነው። ቅባት የከለከለው ከሆነ ፊደሉ የነበረበት ቦታ ከዙሪያው ሜዳ ጋር እኩል ነው፣ ልስላሴውም አንድ ነው፣ ፊደሉም ቀስ እያለ ነው የሚደበዝዘው። የተፋቀ ከሆነ ቦታው ከሜዳው ዝቅ ይላል ወይም ጭረቶቹ በአንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ። ሳንቲምን በካቻቪቴ ፈንታ የተጠቀመ፣ ግድግዳ ላይ የፋቀ ስንት አለ። ሞርሳ ቤት ያለውን ተራም አትርሳ፤ ከአጠገቡ ያሉት ፊደሎች ምን ያህል አርጅተዋል? እነሱ ጥርት ካሉ እና አንዱ ብቻ ከሌለ ማርጀት አይደለም።

እግረ መንገዴን፣ በ1969ኞቹ ላይ የአንበሳው አገጭ ጸጉር ከአንዱ ሳንቲም ወደ ሌላው ይለያያል። በተለያየ አገር ማተሚያ ቤት ስለታተሙ ነው። በየቪዲዮው «ረጅም ጺም ያለው አንበሳ ስህተት ነው» የሚሉትን አትስሙ። በምኒልክ ብርም አንበሳው ግራ እግሩን ያነሳበትም ቀኝ እግሩን ያነሳበትም አለ፤ ዓይነቱ ነው የተለያየው። ማግኔት ይዛችሁ ስትሞክሩም እንዲሁ። የ1969ኙን ማግኔት አይስበውም፤ በኋላ የወጡትን፣ አረብ ብረት ላይ የተለበጡትን ይስባቸዋል። መቶኛ የሚባለውን የ1923ቱን የኒኬል ሳንቲምም ይስበዋል፣ ኒኬል ራሱ በማግኔት ስለሚሳብ። ይህን የማያውቅ ሰው «በተሳሳተ ብረት የታተመ» ብሎ ይነሳል።

አዲስ ገቢ

እኔም ጥያቄ አለኝ። ሽልንግ ላይ ከንጉሡ አንገት እስከ ሳንቲሙ ከንፈር የሚሄድ መስመር አለ። ስንጥቅ ነው ጭረት?

ለምለም

ከፍ ያለ ነው የገባ? ዳይ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ውስጥ ብረት ስለሚገባ በሳንቲሙ ላይ የሚወጣው መስመር ከፍ ያለ ነው። ጭረት ደግሞ ይገባል፣ ብዙ ጊዜም ዳርና ዳሩ ላይ የተገፋ ብረት ይቆለላል። ዓይን ግን ያታልላል፣ ፎቶ ደግሞ ይብሳል፤ የገባው ከፍ ያለ ሊመስል ይችላል። መብራቱን ከአንድ ጎን ብቻ አድርግና በአንድ ፊደል ላይ ጥላው በየት በኩል እንደሚወድቅ እይ። ፊደል ከፍ ያለ መሆኑን ታውቃለህ። መስመሩ ጥላውን በዚያው በኩል ከጣለ እሱም ከፍ ያለ ነው። ባረጀ ብር ላይ ከፍ ያለ ስስ መስመር መሃል ሜዳው ላይ ቶሎ ይላጣል፣ ስለዚህ ከፊደሎቹ ሥርና ከከንፈሩ አጠገብ ፈልገው፤ እዚያ ይቀራል።

አዲስ ገቢ

ጥላው ከፊደሉ ተቃራኒ ነው የወደቀው። ጭረት ነው ማለት ነው። አመሰግናለሁ።

ወንጂ

አንድ ነገር ልጨምር፣ መሬት ውስጥ የቆየ ሳንቲምን በተመለከተ። በኛ በኩል አገዳ ማሳ ሲቆፈር የሚወጣ መዳብ ሳንቲም አለ። ውኃ ስለማይለየው ፊቱ በጉድጓድ ተሞልቷል፣ አረንጓዴ ዝገት አለው፣ አንዳንዱ ቅርፊት ቅርፊት ሆኖ ይነሳል። ይህን «ብረቱ ከፋብሪካ ሲሠራ ተሰንጥቆ የተላጠ» እያሉ የሚሸጡ አሉ። በእውነት ከፋብሪካ የሚላጥ ብረት አለ፣ ላሜራው ሲዳመጥ ውስጡ ቆሻሻ ወይም አየር ከቀረ። ያ ግን አንድ ቦታ ላይ ነው የሚላጠው፣ አቅጣጫ አለው፣ የቀረው ፊት ጤነኛ ነው። የኛዎቹ ሁለንተናቸው ነው የተበላው።

ሞርሳ ቤት

አሲድም እንደዚያው። የባትሪ አሲድ ውስጥ የነከሩት ሳንቲም በሁሉም በኩል እኩል ይሳሳል፣ ፊቱ ሻካራ ይሆናል፣ ፊደሉ ይቀጥናል። «በቀጭን ላሜራ ላይ የታተመ» ይሉሃል። እውነተኛው ቀጭን ላሜራ ቢሆን ብረት ስላነሰው መሃሉ ላይ ምስሉ በደንብ አይሞላም እንጂ ፊቱ አሸዋ አይመስልም።

የፍራንኮ ልጅ

ብር ሠሪው ጋ ሄጄ መጣሁ። ነጩ ስሙኒ በውኃ ተመዝኖ 9 እንኳ አልሞላም፤ መዳብ ነው። ባለ አምስቱ እኩል ካረጁት ሁሉ ቀልሎ ተገኘ። 1969ኙ ላይ ፊደሉ የነበረበት ቦታ ዝቅ ያለ ነው፣ ጭረቱም በአንድ አቅጣጫ፤ ተፍቋል። አንድ ሳንቲሟም ላይ የንጉሡ ፊት ረዝሟል፤ ሐዲድ ነው።

ለደላላው ደውዬ ስሙኒው የተለበጠ መዳብ መሆኑን ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና «ለገዢው አንነግረውም» አለኝ። አልሸጥለትም። ባለ አምስቱን ግን ጠይቄው «እሱማ የተቆረጠ ነው፣ ጣለው» ነው ያለኝ።

ሁለቱ ጠገራ ብሮች ደግሞ ቀርተዋል። አንዱ አናቱ ላይ ተበስቷል። ሌላው አልተበሳም፣ ግን ጎኑ ላይ እብጠት አለው። ያም እንደ ዳይ ስብራት ይቆጠራል?

ጠገራ

የተበሳው ግልጽ ነው፣ አንገት ላይ ይንጠለጠል የነበረ ነው። እብጠት ያልከውን በአጉሊ መነጽር እየው። የጠገራ ብር ጎን ላይ የላቲን ጽሑፍ ዙሪያውን ይሄዳል። እብጠቱ ጋ ሲደርስ ጽሑፉ ከተሸፈነና ብረቱ ቀለሙ ከተለየ ማንጠልጠያ የተበየደበት ነው። ዳይ ሲሰበር የሚወጣ እብጠት ፊቱ ላይ ነው የሚሆነው፣ ከከንፈሩ ጋር ተያይዞ፤ ብረቱም ያው አንድ ብረት ነው። ብዙ ጊዜም በተመሳሳይ ቦታ ጀርባው ላይ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ብረቱ ወደተሰበረው ስለሚሄድ።

ሁለቱንም መዝናቸው። ጠገራ ብር 28 ግራም ከጥቂት ነጥብ ነው። ዓመቱ በሁሉም ላይ 1780 ስለሆነ ግራ አይግባህ፣ ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ቦምቤይ ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ታትሟል፤ በንስሩ ላባና በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ጥቃቅን ልዩነት ብታይ ከዚያ ነው። የድሮ ሰው ትከሻዋ ላይ ያለውን የጌጥ ዕንቁ ቆጥሮ ነበር የሚቀበለው። ዕንቁው ተልጦ ካልታየ «የሞተ ነው» ብሎ ይመልሳል።

የፍራንኮ ልጅ

እብጠቱ ጋ ጽሑፉ የለም፣ ቀለሙም ቢጫ ይላል። ብየዳ ነው።

ስሙኒ ሰብሳቢ

እንግዲህ ባለ አምስቱ ቀረ። በሎሚም በአመድም እንዳታጥበው፣ ቡናማው ከተነሳ የጉድለቱን ግድግዳ ከቀረው ጎን ጋር ማመሳከር አይቻልም። በወረቀት ፖስታ ለብቻው አድርገው፣ ጣሳው ውስጥ ከሌሎቹ ጋር እየተጋጨ አይቆይ። አሁን ሦስት ፎቶ እንፈልጋለን፦ ሁለቱን ፊት፣ እና ከጎን በኩል ጉድለቱንም ትይዩውንም የሚያሳይ። ቅዳሜ ፖስታ ቤት አካባቢ እመጣለሁ፤ ከፈለግክ ካሊፐርና ጥሩ አጉሊ መነጽር ይዤ እመጣና ከንፈሩን እንለካዋለን።

የፍራንኮ ልጅ

ቅዳሜ ይሁን። ፎቶዎቹን ማታ መብራት ከጎን አድርጌ አነሳቸዋለሁ።